ከአስፋልቱ አርባ እርምጃ

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ስዊድን ነው። እኛ ዘንድ ክረምቱ ሲጨልም እነሱ ዘንድ በጋ ይሆናልና በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ላይ ፎቶግራፍ ትልክልኛለች። ፎቶዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ። ረጃጅም ጥድ፣ ከጥዱ ሥር ነፋስ ያልነካው ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ጎጆ የሚያህል ግራጫ ቋጥኝ፣ ቋጥኙ ላይ ደግሞ እሷ፣ እንደ እንሽላሊት ተለጥፋ። በአንዳንዱ ፎቶ ከጀርባዋ የመኪና መንገድ ይታያል። ለዓመታት «ጎሽ» ብዬ ከማለፍ በቀር ምን እንደምትሠራ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለእናቷ ሙት ዓመት ጎንደር መጣች። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመድ አዝማዱ ወደየመንደሩ ከተበተነ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ማታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ወንድምጋሼ፣ ድንጋይ አሳየኝ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን ከሥሩ ያስረዳችኝ። ቦልደሪንግ ይሉታል። ገመድ የለበትም። ሦስት ወይም አራት ሜትር የሚሆን ቋጥኝ ይመረጣል፤ ከሥሩ ፍራሽ ይነጠፋል፤ አንድ ሰው ከታች ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ይዘረጋል። ወጪው ጣቱን ነጭ ዱቄት ነክሮ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ተነስቶ እንደገና ይሞክራል። አንድ ድንጋይ ላይ ቀኑን ሙሉ መዋል ይቻላል። ሲደክማቸው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ዋናው ነገር ለመንገድ ቅርብ መሆኑ ነው፤ ከሥራ ወጥቶ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ አምስት ደቂቃ ተራምዶ ድንጋዩን መንካት።

እኔ ደግሞ ድንጋይ ስትል ወዲያው የታየኝ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅና ራስ ደጀን ነው። የጎንደር ሰው ስሜን ሲባል አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያስበው። ለዚያ ደግሞ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያ መክፈል፣ ስካውት መያዝ፣ መኪና ወይም በቅሎ መከራየት፣ ስንቅ መቋጠር አለ። እሷ የነበራት ሦስት ቀን ነው። «ከመንገድ ዳር ያለውን ነው የምልህ» አለችኝ። ከጎንደር ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ከመንገዱ ዳር ምን እንዳለ ግን አንድ ድንጋይ እንኳ ጠርቼ ልነግራት አልቻልኩም።

በማግስቱ ማለዳ ከቤት አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልለን የጎረቤት ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አሰርን። የሷ ሻንጣ ውስጥ ጠባብ የላስቲክ ሶል ጫማና የዱቄት ከረጢት ነበር። ከከተማው ሳንወጣ ግን መጀመሪያ ሐይቅ ላሳያት ፈለግሁ፤ ፎቶዎቿ ውስጥ ሐይቅ ስለማይጠፋ ይሆናል። ጎንደሬ ሐይቅ ሲባል ጣናን ያስባል። ከከተማው ሥር ያለውን፣ በተተከለ ዛፍ የተከበበውን የአንገረብን ግድብ ከሐይቅ የሚቆጥረው ጥቂት ነው፤ ከተማው ለዓመታት የጠጣው ግን የእሱን ውኃ ነው። ጠዋት ላይ ጭጋግ ከላዩ ሲነሳ የምር ሐይቅ ይመስላል። ዳር ዳሩ በደለል ገርጥቷል፤ ከላይ ከተራራው የታጠበ አፈር ነው። እሷ ውኃውን ስታይ ቆይታ «እዚያ ሐይቁን የሠራው በረዶ ነው፤ ይኸንን ሰው ሠርቶት አፈር እየበላው ነው» አለች። ድንጋይ ግን አላገኘንም። መንገዱን ያዝን።

ወለቃን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር መኪናው ማቃሰት ጀመረ። ኮሶዬ ላይ ወርደን ቁልቁል አየን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ መሬቱ ተዘረጋ፤ የወገራ ሜዳ ነው፣ ገብሱና ስንዴው ወደ መብሰሉ ነበር። እዚህ ላይ ስለዚያ አገር ድንጋይ የማውቀውን ልናገር፤ መንገዱ ሜዳ ነውና ጊዜ ይሰጣል።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ግድም የምንረግጠው ምድር ከእሳት የተወለደ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት መሬት ተሰንጥቃ የቀለጠ ዓለት አፈሰሰች፤ አንዱ ፍሳሽ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ እንደ ተነባበረ እንጀራ ተቆለለ። የስሜን ተራራ የዚያ ቁልል ትልቁ ምሰሶ ነው። ያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃልና ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ አንዳንድ ቦታ አምስትና ስድስት ማዕዘን ያለው ዓምድ ሠርቶ ይቆማል። ስንጥቁ ውስጥ ውኃ ይገባል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጠነክራል፣ ድንጋዩን ይፈነቅላል። ከገደሉ የወረደው ቁራጭ ነው ማሳ ዳር ተቀምጦ የምናየው።

የስዊድኑ ቋጥኝ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ በዘመነ በረዶ አገሩን ሁሉ የሸፈነው ግግር እየተንፏቀቀ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ ቀልጦ ሲያልቅ ሸክሙን ባለበት ጥሎት ሄደ። ለዚያ ነው የነሱ ቋጥኝ ከጫካ መካከል ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚገኘው። ይኸን ስትነግረኝ እኛም በረዶ እንደነበረን ነገርኋት። ራስ ደጀንና ቧሂት ላይ ጥንት ግግር በረዶ ነበር፤ ገፍቶ የከመረው ድንጋይ ዛሬም ይታያል። ደስ አላት። የሁለት አገር ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ዓይነት ገመድ ይፈልጋል።

ዳባትን አለፍን። ወቀንን አልፈን ደባርቅ ሳንደርስ «አቁም! አቁም!» ብላ ጮኸች። ሾፌሩ የሰው ነፍስ ያለፈ መስሎት ፍሬኑን ረገጠው። ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ገብስ ማሳ ዳር፣ እንደ ጉልቻ ሦስት ሆነው የቆሙ ቋጥኞች ነበሩ። በስንት ዓመት ምልልሴ ያለ ጥርጥር በፊታቸው አልፌያለሁ። ወርጄ ረገጥሁት፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ትልቁ ድንጋይ አርባ እርምጃ ነው።

ማሳው ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ገብሳቸውን ከወፍና ከከብት ይጠብቃሉ። ስዊድን ውስጥ ማንም ሰው በማንም ጫካ የማለፍ፣ ሐይቁ ውስጥ የመዋኘት፣ ለአንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ የማደር መብት አለው። የቤት ግቢና የተዘራ ማሳ አይነካም፣ ጉዳት አይደረስም እንጂ ባለቤቱን መጠየቅ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ሰፍሯል። ጥሩ ሕግ ነው። የኛ አገር ሕግ ደግሞ ሰላምታ ነው፤ ቀርቦ፣ ባርኔጣ አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ።

«እንዴት ዋሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደህና ዋላችሁ? ከወዴት ናችሁ?»

ከጎንደር መሆናችንን፣ የማን ልጅ የማን ልጅ እንደሆንን ተናገርን። የአክስቴን ባል አባት ስም ሲሰሙ ወገራ ውስጥ የሚያውቁት ዘመድ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው እሷ ወደ ድንጋዩ የጠቆመችው።

«አባቴ፣ ያን ድንጋይ ብንጠቀምበት ይፈቅዱልናል?»

«ድንጋዩን ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ልወጣው ነው።»

«ወጥተሽስ?»

«እወርዳለሁ።»

ሽማግሌው ድንጋዩን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ፍራሹን አዩት። «ገብሱን አትርገጡብኝ እንጂ ውጡት» አሉ።

ትልቁ ቋጥኝ ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚደርስበት ነው፤ አራት ሜትር ግድም። በመንገዱ በኩል ያለው ፊቱ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ የታችኛው ጥቁር፣ የላይኛው ብርቱካንማ የድንጋይ ሽበት የለበሰ። ቀርቤ መዳፌን አሳረፍሁበት። ከሩቅ ልሙጥ የሚመስለው ድንጋይ ከቅርብ ሲያዩት ቀዳዳ ብቻ ነው። ፍሳሹ ሲረጋ ውስጡ የነበረው አየር እንደ ፈላ አብሲት እየፈነዳ የተወው ቀዳዳ፣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። ጣት የሚገባባቸው ትልልቅ ዓይኖች አሉት፤ ጠርዛቸው ቆዳ ይልጣል። ስሜንን ከልጅነቴ ጀምሮ በዓይኔ ሳውቀው በእጄ የነካሁት ያን ቀን ነው።

ወዲያው ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ አልወጣችም። ሩብ ሰዓት ያህል ድንጋዩን ስትዞረው፣ ስታሸው፣ አንዳንዱን ቀዳዳ በብሩሽ ስትጠርግ ቆየች። እግሯን የት፣ እጇን የት እንደምታደርግ በአየር ላይ እየለካች ለራሷ ታጉተመትማለች። ከዚያ ፍራሹን አስተካክላ ያዘች። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ ወደቀች። የመጨረሻው ዓይን ላይ ስትደርስ የግራ እግሯ መቆሚያ ያጣል።

ይኼኔ እረኞች ከብቶቻቸውን ትተው ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጠን ያለ ልጅ፣ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ምንም ሳይናገር ሲመለከት ከቆየ በኋላ የኮንጎ ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ቀርቦ እሷ ከጀመረችበት ሁለት ክንድ ወደ ቀኝ ጀመረ። ሁለት ዓይን ያዘ፤ ሌላው ሰው እጁን በሚሰድበት ቦታ ተረከዙን ሰደደና ሰቀለው፤ ገላውን በተረከዙ ስቦ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ይኸ ሁሉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አያስደግምም። ከላይ ሆኖ «ይኸ የዝንጀሮው ነው» አለ። በጀርባው በኩል ያለው ቀላሉ መንገድ «የፍየሉ» መሆኑንም ነገረን።

«የዝንጀሮውን መንገድ ማን አገኘው?» ብላ ጠየቀችው።

«ድሮም አለ» አላት።

እነሱ ዘንድ በአንድ ቋጥኝ ላይ አዲስ መንገድ ቀድሞ የወጣ ሰው ስም ያወጣለታል፤ ምን ያህል እንደሚከብድም በቁጥር ይተምናል፤ መጽሐፍ ላይ ይጻፋል። እሷም በልቧ ስም አስባ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። ልጁ ከመለሰላት በኋላ ግን ነገሩን አላነሳችውም። በየደጋው እረኛ የሚወጣው ድንጋይ፣ ልጆች የሚንሸራተቱበት ድንጋይ፣ ቁጭ ብለው ገበጣ የሚቆፍሩበት ድንጋይ አለ። የአሁኑን ስፖርት ስም ባያውቁም መንገዱን ከነስሙ ከታላቆቻቸው ተረክበውታል። ማንም አልመዘገበላቸውም። ይኸን የምጽፈው አንድም ለዚያ ነው።

ልጁ ተረከዙን እንዴት እንደሚሰቅል አሳያት። አራተኛውን ሞከረች። ጫፉ ሊደርስ አንድ እጅ ሲቀር ክንዷ ሲንቀጠቀጥ ከታች እናያለን። ዞር ብል ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ከሥሯ ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይላሉ በለሆሳስ። እንዲህ አድርጉ ብሎ የነገራቸው የለም። እሷ በሰው አገር ሥልጠና ወስዳ የተማረችውን፣ የሚወድቅ ሰው ሥር እንዴት እንደሚቆም፣ እሳቸው እግራቸውን ከፈት፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ልክ እንደዚያው ቆመዋል። እሷ ወጣች። እሳቸው እጃቸውን ያወረዱት ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ያለው ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል። ስንጥቁ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ እጅ ሙሉ የሚያስገባ ነው። ፍራሹን ወደዚያ ስትጎትት ሽማግሌው «ያኛው አይወጣም» አሉ። ለጥምቀት ታቦቱ ሲወርድ የሚያርፍበት ነው። ፊት ለፊት፣ ከማሳው ባሻገር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በጽድና በወይራ ተከቦ ይታያል፤ በዚያ አካባቢ ከተረፈው አገር በቀል ዛፍ ብዙው በየደብሩ አጥር ውስጥ ያለው ነው። ከደኑ ሥር ከብት የሚጠጣበት የክረምት ውኃ ያቆረች ኩሬ አለች። ደን አለ፣ ውኃ አለ፣ ድንጋይ አለ፤ የስዊድኑ ፎቶ በሌላ እጅ ተሥሎ እፊቴ የቆመ መሰለኝ። እሷ ፍራሹን መለሰች። ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰችውና እጇን ሳመች።

ከዚያ ሽማግሌው ቆሎ አቀረቡልን፣ እኛም የያዝነውን ዳቦ ቆረስን። እዚያ ቁጭ ብለን ስለ ፎንቴንብሎ አጫወተችን። ከፓሪስ ወጣ ብሎ ያለ ሰፊ ደን ነው፤ ውስጡ የአሸዋ ድንጋይ ቋጥኝ ሞልቷል። የፓሪስ ወጣቶች የአልፕስ ተራራ ሩቅ ስለነበረባቸው ቅዳሜና እሑድ በባቡር እየሄዱ እነዚያ ትንንሽ ድንጋዮች ላይ ይለማመዱ ነበር። ፒየር አላን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1935 የፔቲ ድሩን ሰሜናዊ ገደል የወጣው በዚያ ድንጋይ ላይ ባደገ ጣት ነው፤ ለድንጋይ መውጫ የሚሆነውን ለስላሳ የላስቲክ ሶል ጫማም የሠራው እሱ ነው። ለልምምድ የተባለው ቀስ በቀስ ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ድንጋይ መውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ሲሆን የቦልደሪንግ ግድግዳም አንዱ ክፍል ነበር፤ ያን ቀን ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ልጁ ይኸን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «እዚያም እረኞች ናቸው?»

ደባርቅ ስንገባ መሽቷል። ከተማው 2,800 ሜትር ላይ ነውና ብርዱ ይቆረጥማል። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት፣ መጋቢትና ሚያዝያ 2011፣ ፓርኩ ተቃጥሎ ስለነበር ሻይ ቤቱ ውስጥ ወሬው ገና እሱ ነበር፤ ከእስራኤል ስለመጡት እሳት አጥፊዎች፣ ጓሳውና አስታው ስለተቃጠለበት ገደል። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር፤ ከኛ አገር ሌላው ላሊበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሕልውናው አደጋ ላይ ነው ተብሎ በአደጋ መዝገብ ተጻፈ፤ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለዚያ ሲባል የግጭ ሰዎች መንደራቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዋልያው እንዲተርፍ ሰው የከፈለው ዋጋ ነው፤ ስለ ስሜን የሚጽፍ ሰው ይኸን ሳይጠቅስ ማለፍ ያለበት አይመስለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሊማሊሞ ወረድን። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ «ላማልሞን» ብሎ የጻፈው ያ ገደል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው መንገድ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል። አፋፉ ወልቅፊት ነው፤ እዚያ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ሠራዊት ተከቦ እጁን የሰጠው መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከመታጠፊያው ላይ ቆመን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከማደሪያቸው ሲወጡ አየን። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቃቸው ነው ወደ ሣሩ የሚመጡት። ግልገሏን ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች እናት ቀጥ ባለው ዓለት ላይ ተረከዟን ሰቅላ ስትወጣ የአክስቴ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ። «የዝንጀሮው ነው!» አለች። ልጁ ከማን እንደተማረ ያን ጊዜ አየን። ሊማሊሞ ላይ ግን አንድም ድንጋይ አልወጣችም። ድንጋዩ ይፈረፈራል፣ ከሥሩ መቆሚያ የለውም፣ የወደቀ ሰው ወጌሻ አያስፈልገውም፤ የሚደርስበትም የለም። ይኸን ለሚያነብ ወጣት አጥብቄ እናገራለሁ፤ ገደልና ቋጥኝ አንድ አይደሉም።

መልስ ጉዞ ላይ ነው ልቤን የሰበረው ነገር የገጠመኝ።

ከደባርቅ ትንሽ ወጣ እንዳልን ከመንገዱ ዳር አራት ወጣቶች መዶሻና መሮ ይዘው ድንጋይ ይፈልጣሉ። አንዳንዱ ለቤት መሠረት፣ አንዳንዱ በየከተማው ለሚነጠፈው ኮብልስቶን ነው። እሷ ወርዳ አጠገባቸው ቆመች። ታላቃቸው የሚመስለው ቋጥኙን ሲዞረው፣ በመዳፉ ሲያሸው፣ በመዶሻው ጀርባ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ሲሰጠው አየነው። እሷ ትናንት ያደረገችውን ነው የሚያደርገው። ሁለቱም የሚፈልጉት ስንጥቁን ነው፤ እሷ ጣቷን ልታስገባበት፣ እሱ መሮውን። አንዴ መታ፤ ቋጥኙ ለሁለት ተከፈለ፤ ውስጡ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ያየ ድንጋይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አበራ።

«ለምን ከዚህ? ከላይ ከገደሉ ሥር ስንት ድንጋይ አለ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከዚያ ማን ተሸክሞ ያወጣዋል? መኪናው የሚደርስበትን ነው የምንፈልጠው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ላባቸውን እያፈሰሱ የሚበሉ ልጆች ናቸው፤ አንዲት ቃል ክፉ ልናገራቸው አልችልም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያብሰለስለኝ እሱ መልስ ነው። ቋጥኙን ለእረኛውም፣ ለእንግዳውም፣ በቅሎ መከራየት ለማይችለው ተማሪም ደግ ያደረገው ለመንገድ መቅረቡ ነው፤ መዶሻው ቀድሞ የሚያገኘውም ለመንገድ በመቅረቡ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶች። ከፍ ያለው ስሜን ጠባቂ አለው፣ አዋጅ አለው፣ የዓለም መዝገብ ላይ ስሙ አለ። ከአስፋልቱ አርባ እርምጃ ያለው ስሜን ግን አንድ የገብስ ማሳ ጠባቂ ሽማግሌ ብቻ ነው ያሉት።

ከዚያ ጥቅምት በኋላ ብዙ ሆኗል። በመጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት እስከዚያው አካባቢ ደረሰ፤ የእንግዳው እግር ከደባርቅ አጠረ። አስጎብኚው፣ በቅሎ ነጂው፣ ወጥ ሠሪዋ ሥራ ፈቱ። ሥራ ከጠፋ ደግሞ መዶሻ የሚያነሳው ወጣት ይበዛል። እረኛው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከቤቱ ቅርብ ነውና ገብቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለዳባትና ለደባርቅ የወረዳና የከተማ አስተዳደሮች፣ ድንጋይ ለሚያስፈልጡ ሥራ ተቋራጮችም አንድ ልመና አለኝ። ፈላጮቹን አታባርሩ፤ የሚፈለጥበትን ቦታ ለይታችሁ መኪና የሚገባበት ጥርጊያ አውጡላቸው። የየቀበሌውን እረኞች ጠይቁ፤ የትኛው ቋጥኝ መንገድና ስም እንዳለው እነሱ ይነግሯችኋል። እሱን አንድ ነጭ ቀለም ቀብታችሁ ተዉላቸው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ አሥር ቋጥኝ ቢቀር አገር አይጎድልም። ለወጣቱም የምለው አለኝ። ፍራሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ድንጋዩ ደረቅ ሲሆን ከጥቅምት እስከ ጥር ሂዱ፣ ባለማሳውን ሰላም በሉ፣ ገብሱን አትርገጡ፣ ታቦት የሚያርፍበትን እለፉት፣ ከታች ሆኖ እጁን የሚዘረጋላችሁ ሰው ሳይኖር አትውጡ።

የአክስቴ ልጅ ጠባብ ጫማዋን ለእረኛው ትታለት ነው የሄደችው። በዚያ መስመር የሚሠራውን ሾፌር አልፎ አልፎ እየደወልሁ ስለ ሦስቱ ቋጥኞች እጠይቀዋለሁ፤ ሲያልፍ ዞር ብሎ አይቶ ይነግረኛል። ባለፈው ሳምንትም ደውዬለት ነበር። ታቦት የሚያርፍበትና ትልቁ ቆመዋል። ሦስተኛው የለም።